ጄኔሬተሩ ዝም ያለ ዕለት

እህቴ አትሄድም!

አስተማሪያችን ገጠመኝ ሲጻፍ አንባቢን እያጓጉ ቀስ ተብሎ ነው ይላሉ። እሺ፣ ቀስ እላለሁ። ይህችን አንዷን ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ይዣት ገጽ ሙሉ መጻፍ አልቻልኩም። ዘምዘም አትሄድም! ጋሼ ምናለ ደውለው "ተፈቀደ፣ ዘምዘም! በእግር የሚረገጠው ይሰጣችኋል" ሲሏት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የክፍላችን ደፍ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ሰው የሞተ መስሎኝ ጮኽኩ። አከራያችን ማማሰያቸውን እንደያዙ ሮጠው ወጡ። ዘምዘም እያለቀሰች ትስቃለች፣ አከራያችን "ማን ነው? ማን ነው?" ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ምን እንደተባለ ሳልሰማ አብሬ አለቅሳለሁ። በኋላ ሲነገረን ሦስታችንም ተቃቅፈን ዘለልን። ማማሰያው ላይ የነበረው ሽሮ የእኔ ዩኒፎርም ላይ ቀረ። ይቅር፣ ደግሞ ለዩኒፎርም! አሁን የሚሰፋልኝ ሰው አለኝ።

አሁን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ስሜ ሀያት ነው። መካነ ሰላም የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ወደ ከላላ በኩል ወጣ ብሎ ነው፤ መኪና እስከ ግማሽ መንገድ ይወስዳል፣ የቀረው በእግር ወይም በበቅሎ ነው። ስለዚህ እኔና ታላቅ እህቴ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ከቤት የሚላክልንን በሶና ድርቆሽ እየበላን እንኖር ነበር። እኔ ለትምህርቴ፣ እሷ ለስፌት ሥልጠናዋ።

ማሠልጠኛው ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች ሙያ አስተምሮ ሥራ እንዲጀምሩ የሚያግዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ኃላፊው ጋሼ ምናለ ናቸው። ወጪውን የሚሸፍነው ደግሞ አዲስ አበባ ቢሮ ያለው አንድ ለጋሽ ድርጅት ነው። የሚመረቁት ልጆች በሙሉ አዲስ የስፌት መኪና ተሰጥቷቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ከዚህ የበለጠ ምን አለ? አንድ ነገር ብቻ አለ። መኪናው የሚሠራው በመብራት ነው። እኛ ቀበሌ መብራት የለም።

"ታዲያ ለምን አልነገራችኋቸውም?" ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? ስጦታ ይዞ ደጃችሁ የመጣን እንግዳ "ይሄስ አይሆነኝም" ትሉታላችሁ? እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ተሩጦ ምንጣፍ ይመጣል፣ ብርጭቆ ይመጣል፣ የሌለው ሁሉ ያለ መስሎ ይጠብቀዋል። እንግዳው ጠግቦ፣ ዱዓ ተደርጎለት ይሸኛል። ከሄደ በኋላ ብርጭቆው ለባለቤቱ ይመለሳል። ለጋሾቹም በመጡ ቁጥር የሆነው ይኸው ነው።

ዘምዘም ከእሷ በፊት የተመረቁት ምን እንደሆኑ አይታለች። ስለዚህ ፓስፖርት አውጥታ ነበር። ደላላው "ተመረቂና እንነጋገራለን" ብሏታል። ሳውዲ ነው የምትሄደው።

"መኪናውንስ?" አልኳት አንድ ቀን በሶ እየበጠበጥኩ።

"ለእማ የቤት ጌጥ ይሆናታል።"

"ቀልዱን ተይው።"

"ማን ቀለደ? ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ታሳየዋለች። ልጄ ስፌት ተምራለች ትላለች።" ይህን ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከእሷ ሌላ እህት የለኝም።

ከዚያ ለጋሾቹ ሊመጡ ነው ተባለ። ጋሼ ምናለ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ላይ ስናገር ሰምተውኝ ኖሮ፣ የምስጋናውን ንግግር እንዳነብ አስጠሩኝ። ማሠልጠኛው ስደርስ የሠርግ ጄኔሬተር የሚያከራየው ሙሄ፣ ያን የሚያክል ጄኔሬተሩን ከአዳራሹ ጀርባ እያቆመ ነበር።

"ምን ልታደርግ መጣህ?" አልኩት።

"ልድር ነዋ!"

"ማንን?"

"ጋሼ ምናለን ከለጋሾቹ ጋር!"

መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ጋሼ ምናለ ደግሞ ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም ጄኔሬተር የተከራዩት፤ እንግዳ ጨለማ ውስጥ አይቀበሉም። "ሀያት፣ ጥርት አድርገሽ አንብቢ፣ ፈገግ በይ" አሉኝ። ወረቀቱን ቤት ወስጄ አጠናሁት። ጥሩ ንግግር ነበር። ስለመብራት አንድም ቃል የለበትም።

በማግስቱ አዳራሹ ተጠርጎ፣ ሠልጣኞቹ በየስፌት መኪናቸው ተቀምጠው፣ ሼህ ይማም ፊት ለፊት ወንበር ተሰጥቷቸው ጠበቅን። ሼህ ይማም የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለ እሳቸው ዱዓ ነገር አይጀምርም። ከለጋሹ ድርጅት የመጡት እንግዳ ወይዘሮ ሰብለ ይባላሉ። ትልቅ መነጽር አድርገው ይመጣሉ ብዬ ነበር፤ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ሲገቡ ሁሉም መኪና በአንድ ጊዜ ዟ አለ። ዘምዘም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ሰማያዊ ጨርቅ እየሰፋች ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

እኔ ማንበብ ጀመርኩ። "የተከበሩ እንግዳችን፣ በተደረገልን ድጋፍ ዛሬ ሴት ልጆቻችን በየቤታቸው የራሳቸውን ሥራ..." እዚህ ላይ ስደርስ ጄኔሬተሩ አንዴ አሳለ። ሁለተኛ አሳለና ዝም አለ። መኪናዎቹም አብረው ዝም አሉ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። የሁሉም ልጅ እጅ ጨርቁ ላይ እንዳለ ቀረ።

"መብራት ጠፋ እንዴ?" አሉ ወይዘሮ ሰብለ።

ሙሄ በመስኮት አንገቱን ብቅ አደረገ። "ኧረ መብራትማ ከጠፋ ሰነበተ፣ እትዬ! የእኔ ቤንዚን ነው ያለቀው። ይቅርታ በአላህ፣ ቤንዚን ተወዷል!"

ጋሼ ምናለ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሼህ ይማም ግን ሰው ሲጨነቅ ማየት ስለማይወዱ ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ። "እንግዶቻችን፣ እጃችሁ አይንጠፍ!"

"አሚን!"

"ያበላችሁበት ገበታ ባዶ አይሁን!"

"አሚን!"

"የመጣችሁበት መንገድ ለምለም ይሁንላችሁ!"

"አሚን!" ወይዘሮ ሰብለም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አሚን አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "አመሰግናለሁ፣ አባቴ" አሉ። "አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። ሥልጠናው ላይ ችግር የለም?"

"የለም!" አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

"ከተመረቃችሁ በኋላስ?"

"አልሐምዱሊላህ!" "እግዚአብሔር ይመስገን!"

ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "የሄድኩበት ሁሉ እንዲህ ነው የምትሉኝ። ጠይቄ እመለሳለሁ፣ የምመለሰው ግን ባዶዬን ነው። ገንዘቡን የምንሰጠው እኛ ስለሆንን ትፈሩናላችሁ መሰለኝ።"

እኔ ንግግሩን ይዤ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። ዐይኔ ያረፈው "በየቤታቸው የራሳቸውን ሥራ" የሚለው ላይ ነው። ቀና ስል ዘምዘም እያየችኝ ነው። ምን ላደርግ እንደሆነ ከእኔ ቀድማ አውቃለች። ራሷን በኃይል ነቀነቀች፤ አታድርጊው ነው።

"እትዬ ሰብለ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። "እኛ አገር መብራት የለም።"

"ሀያት!" አለች ዘምዘም ከንፈሯን ነክሳ።

"እዚህ ሲጠፋ ሙሄ አለ። እኛ ጋ ሙሄም የለም።"

ሰው ሳቀ። ሙሄ በመስኮት "እውነቷን ነው፣ ወሏሂ!" አለ። ሳቁ ሲበርድ ግን ፍርሃቱ መጣ፤ ሁሉም ፊት ላይ አየሁት። ብዙዎቹ ልጆች የመጡት መብራት ከሌለበት ነው። ግን አሁን ድጋፉ ተነሥቶ ወደ ኩታበር ወይም ወደ ማሻ ቢሄድስ? እኔ ሠልጣኝ እንኳ አይደለሁም። የማን አፍ ሆኜ ነው የተናገርኩት? ጋሼ ምናለ ቀስ ብለው ተነሡ። አባረሩኝ አልኩ።

"ልጅቱ እውነቷን ነው" አሉ። "ውሉ የሚለው በመብራት የሚሠራ መኪና ነው። ሌላ ይሻለናል ብለን ጠይቀን አናውቅም።"

"ለምን?" አሉ ወይዘሮ ሰብለ።

"እነዚህስ አይመቻቸውም፣ ለሌላ እንስጠው ትላላችሁ ብለን።"

"እንደዚያ ያላችሁ ሰው አለ?"

"ማንም አላለንም። አንልም ያለንም የለም።"

ሴትዮዋ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። "እውነትዎን ነው፤ አንልም ብለን አናውቅም" ብቻ አሉ። ሼህ ይማም ጢማቸውን እየዳሰሱ "እንዲያ ከሆነ ዱዓዬን አስቸኮልኩት መሰል" ሲሉ አዳራሹ እንደገና በሳቅ ሞላ። ወይዘሮ ሰብለም ሳቁ። ከዚያ፣ "ነገ ከተመራቂዎቹ የአንዷን ቤት አሳዩኝ። ደውላችሁ ግን አትንገሩ፤ ብርጭቆ እንዳይበደሩ" አሉ። እሳቸውም የዚህ አገር ሰው ናቸው ለካ!

ስንወጣ ዘምዘም ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ድጋፉ ቢቆም እነዚያ ሁሉ ልጆች በአንቺ ነው የሚፈርዱት። አስበሽዋል?"

አላሰብኩትም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ምሽት ምግብ አልበላ አለኝ።

በማግስቱ መንገዱ እስከሚያስኬደው ድረስ በመኪና ሄድን። ከዚያ ጎረቤታችን ለወይዘሮ ሰብለ በቅሎ አመጣላቸው። ጋሼ ምናለ፣ ዘምዘምና እኔ በእግር ነን። በቅሎዋ ሁለት እርምጃ ትሄድና ትቆማለች።

"ይህቺ በቅሎ ጠልታኛለች እንዴ?" አሉ ሴትዮዋ።

"ኧረ ልጓሟን አጥብቀውባት ነው፣ እትዬ" አለች ዘምዘም። "ለቀቅ ያድርጉላት።" ለቀቅ ሲያደርጉላት ሄደች። የፈራሁት ነገር ሁሉ ባይኖር ኖሮ በጣም የምስቅበት መንገድ ነበር።

የሄድነው አሚናት ቤት ነው። አሚናት ከዘምዘም በፊት የተመረቀች ጓደኛዋ ናት። እናቷ እትዬ ዘይነባ እኛን ሲያዩ ደነገጡ፣ ከዚያ ፊታቸው በራ። "ኑ፣ ግቡ! ምነው ሳትነግሩኝ? ምን አለኝ አሁን!" እያሉ ቁርበት አነጠፉ፣ እርጎ ቀዱ። ወይዘሮ ሰብለ ከየት እንደመጡ ሲነገራቸው ብድግ ብለው ወደ ቤቱ ጥግ ሄዱ። እዚያ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሰ ነገር ቆሟል። ጋቢውን እንደ ሙሽራ መሸፈኛ ቀስ አድርገው ገለጡት።

"እዩልኝ! አቧራ እንኳ አላስነካሁትም። ለጁምዓ ለጁምዓ እጠርገዋለሁ። ልጆች አይጠጉትም!"

የአሚናት የስፌት መኪና ነው። የመጣበት ላስቲክ እንኳ ከላዩ አልተላጠም። ወይዘሮ ሰብለ እጃቸውን ላስቲኩ ላይ አሳረፉ።

"አሚናትስ?"

"ሳውዲ ናት፣ የእኔ እመቤት። ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ትደውላለች።" እትዬ ዘይነባ ይህን ያሉት ያለ አንዳች ቅሬታ ነው። እንዲያውም እንግዳዋ እንዳያዝኑ ቶሎ ፈገግ አሉ። "ምን ትሁን፣ እዚህ ተቀምጣ! እናንተ ግን ያደረጋችሁልንን አልረሳነውም።"

ከዚያ ወደ ዘምዘም ዞር ብለው በጨርቅ የተቋጠረች ነገር ከግድግዳው ላይ አወረዱ። "ዘምዜ፣ አንቺስ መቼ ነው የምትሄጂው? ይህቺን በርበሬ ለአሚናት አድርሽልኝ። የእናትሽ እጅ ነው በያት። እዚያ ያለው አይጥማትም።"

ዘምዘም እጇን አልዘረጋችም። አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ሰብለ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጋቢውን አዩ። ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

በመጨረሻ ዘምዘም በርበሬውን ተቀብላ ሳመችው። "አብሽሩ፣ እትዬ" አለች። ሌላ ምን ትበል?

ስንመለስ ሴትዮዋ በቅሎዋ ላይ አልወጡም፤ እየሳቡ ከዘምዘም ጎን ሄዱ። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ "መኪናው በእግር የሚረገጥ ቢሆን ትቆዪ ነበር?" አሏት።

"የዚህ አገር ልጅ ሁሉ ዩኒፎርሙን የሚያሰፋው መካነ ሰላም ሄዶ ነው" አለች። "ሴቱም ቀሚስ ለማሰፋት ያን ሁሉ መንገድ ይወርዳል። እኔ እዚህ ብቀመጥ ለማን ብለው ይሄዳሉ? እቆይ ነበር፣ እትዬ። በጣም እቆይ ነበር።" ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ መሄዱን የምትወደው ይመስለኝ ነበር።

"ሌላስ?" አሉ ሴትዮዋ።

"ከሩቅ ለሚመጡት የቤት ኪራይ ከብዷቸዋል። ሁለት ልጆች በዚሁ ምክንያት አቋርጠዋል።"

ወይዘሮ ሰብለ ቆሙ፣ ሦስታችንንም አዩን። "ቃል አልገባላችሁም። ብቻዬን የምወስነው አይደለም። ግን አዎም ቢሆን አይም ቢሆን፣ መልሱን ከነምክንያቱ ትሰማላችሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ፣ ትናንት ያልሽውንና ዛሬ ያየነውን ጻፊልኝ። በራስሽ አባባል። ጋሼ ምናለ አያርሙት።"

"አልነካውም" አሉ ጋሼ ምናለ እጃቸውን ከፍ አድርገው።

ጻፍኩት። ለፈተና ካልሆነ በቀር ጽፌ የማላውቅ ልጅ፣ አሚናት ቤት ስላለው ጋቢ ጻፍኩ። ስጨርስ ለዘምዘም አነበብኩላት፤ ስለ ላስቲኩ ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መጻፍ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ደላላው ይደውላል። "ሌሎቹ እየሄዱ ነው፣ ቦታሽን ለሌላ ልስጠው?" ይላታል። እሷ "ትንሽ ታገሠኝ" ትላለች። በማሠልጠኛው ደጃፍ ሳልፍ አንዳንድ ልጆች "ኧረ ተናጋሪዋ፣ ምን ሰማሽ?" ይሉኛል፤ ቀልድ ይሁን ወቀሳ አላውቅም። ደላላው በመጨረሻ ዛሬ ካልወሰንሽ አለቀ አላት። ዘምዘም ቀኑን ሙሉ ስልኩን እያየች ዋለች። ወደ ማታ ላይ ደወለችለትና "አልሄድም" አለችው። መልሱ ገና አልመጣም እኮ! "አበድሽ?" አልኳት። "የመጣው ይምጣ" አለች። "ሴትዮዋ በቅሎውን ትተው በእግራቸው ሄደዋል። እንዲያ ያለ ሰው ዝም አይልም።"

ጋሼ ምናለ የደወሉት ከዚያ በኋላ ነው። ማማሰያውን ታስታውሳላችሁ።

መልሱ ሙሉ አዎ አልነበረም፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። መኪናውን እያንዳንዷ ተመራቂ እንደምትኖርበት ቦታ ትመርጣለች ተባለ። ከዚህ በፊት ለተመረቁትም ቤታቸው ጋቢ ለብሶ የተቀመጠው ይለወጥላቸዋል። የቤት ኪራዩን ግን አልፈቀዱም። የዘንድሮው በጀት ተደልድሎ አልቋል፣ ለሚቀጥለው እንደገና እንጠይቃለን አሉ። ጋሼ ምናለ ይህን ሠልጣኞቹን ሁሉ ሰብስበው ነገሯቸው። የሚገርማችሁ፣ አይ የተባለው ላይም ያጨበጨቡ ልጆች ነበሩ። ከዚህ በፊት ማን "አይ፣ ምክንያቱም" ብሎን ያውቃል?

ዛሬ ዘምዘም ተመርቃለች፣ መኪናዋም አገራችን ደርሷል። እግሩ በአንድ በቅሎ፣ ራሱ በሌላ በቅሎ ተጭኖ ሄደ። አባዬ ቤቱ ፊት ለፊት ሲገጥመው ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ነበር። እህቴ ስትረግጠው የሚሰማውን ድምፅ የቤንዚን ማለቅ አያስቆመውም። ፓስፖርቷን መሳቢያው ውስጥ ከክሩና ከመርፌው ጋር አስቀምጣዋለች። በርበሬውን በሌላ ሰው እጅ ለአሚናት ላክነው። እሷም በድምፅ መልእክት "የእኔንም ለውጡልኝ፣ ስመጣ እረግጠዋለሁ!" ብላ ሳቀች። እትዬ ዘይነባ መልእክቱን ደጋግመው ያሰሙናል።

እኔ በዚያን ዕለት ደፋር አልነበርኩም፤ ፈርቼ ነበር፣ እህቴን ማጣት ግን የበለጠ አስፈራኝ። የማመሰግነው ብዙ ሰው ነው። በመስኮት እውነቱን ያወጣውን ሙሄን፣ ከወንበራቸው ተነሥተው "እውነቷን ነው" ያሉትን ጋሼ ምናለን፣ የቆነጠጠችኝን እህቴን። ወይዘሮ ሰብለን ደግሞ ስለ መኪናው ብቻ አይደለም የማመሰግናቸው፤ "ችግር የለም" ስንላቸው ስላላመኑን ነው። ውለታ ለዋለልን ሰው የጎደለውን መንገር ነውር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ዝም ስንላቸው ልክ እንደ እሩቅ እንግዳ ነበር የያዝናቸው። ለቤተሰብ እኮ የጎደለው ይነገራል።

እና አሁን ወደ እናንተ! ወይዘሮ ሰብለ ከመጪው በዓል በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ። "ከዚህ በፊት የሠለጠኑትን ሁሉ ጥሩልኝ፣ ቅር ያላቸውን አስቀድሙ" ብለዋል። ጥሪውን እኔ ነኝ የማስተላልፈው። ከላላም ሁኑ፣ ማሻም ሁኑ፣ ከዚህ ማሠልጠኛ ወጥታችሁ የሆነ ጥግ ላይ ጋቢ ያለበሳችሁት ነገር ካለ፣ ኑ። መምጣት ካልቻላችሁ እናቶቻችሁን ላኩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እቀበላችኋለሁ፤ መናገር የፈራ ካለ ለእኔ ይንገረኝ፣ እጽፍለታለሁ።

ሼህ ይማምንም ጠርተናቸዋል። ደስ ብሏቸው እሺ አሉ። "ዱዓውን ግን" አሉን፣ "ሁላችሁም ተናግራችሁ ስትጨርሱ ነው የማደርገው።"